ችግሩ ከሾፌሩ ነው

ሂርጳ ከባምባሲ መጥቶ አሶሳ ላይ ጌም ቤት ከከፈተ ወዲህ ሰው አያምንም። ጆይስቲኮቹን እንኳ በገመድ ከጠረጴዛው ጋር አስሯቸዋል።

ዊንዶውሱን ቫይረስ እየበላ ቢያስቸግረው፣ ኮምፒዩተር የምትጠግነው ጎረቤቱ ስርጉት በዊንዶውሱ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነችለት። «የዊንዶውሱ የኳስ ጌም እዚህም ይሠራል» አለችው። ኳሱ ተከፈተ። ተጫዋቾቹ ግን ጭቃ ውስጥ የሚሮጡ ይመስል ተጎተቱ። የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል ተባለ። ካርዱን ከአዲስ አበባ ያመጣለት የእህቱ የኦብሴ ባል፣ የአይሱዙ ሾፌሩ ገረሱ ነው።

አዲሱ ካርድ ገባ። ኳሱ ያው መጎተት ነው። ስርጉት ነካ ነካ አድርጋ አየችውና ለሆነ ሰው ደወለች። «ካርዱማ ደህና ነው የተባለው። ችግሩ ከሾፌሩ ነው» ስትል ሂርጳ ሰማት።

በሆዱ ያዘው። የካርዱ ካርቶን በሌላ ፕላስተር ታሽጎ እንደነበር ትዝ አለው። ገረሱ ነጆ አድሬ መጣሁ ብሎታል። ለምን ነጆ? እዚያ ካርዱን ቀይሮበት ይሆናል። እሁድ ቸርች ሲገናኙ ፊቱን አዞረበት። ኦብሴ ደውላ ምን ሆነህ ነው ብትለው «ባልሽን ጠይቂው» አላት።

ገረሱ ሳይውል ሳያድር ጌም ቤቱ መጣ። ስርጉት ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ምን ሰረቅኩህ?»

«እኔ ምን አልኩ? ስርጉት ናት ያለችው። ችግሩ ከሾፌሩ ነው አላልሽም?»

ስርጉት አፏን በእጇ ያዘች። «ጋሼ ሂርጳ፣ እሱ እኮ ፕሮግራም ነው። ካርዱንና ሊኑክሱን የሚያግባባ። በእንግሊዝኛ ድራይቨር ይሉታል፣ እኛ ሾፌር እንለዋለን። እስካሁን ውስጡ ያለው የድሮው ካርድ ሾፌር ነው። አዲሱን ይኸው እያወረድኩት ነው።»

«ከየት?»

«ከኢንተርኔት።»

ሂርጳ አላመናትም። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ተጫዋቾቹ እንደ ውሃ ፈሰሱ። ያኔ መሬት መሬት አየ።

«ነጆ ግን ለምን አደርክ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ጎማ ፈንድቶብኝ።»

«ካርቶኑስ?»

«እህትህ ናት የከፈተችው። ምን እንደሆነ ልየው ብላ።»

ሂርጳ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጆይስቲክ ከገመዱ ፈታና በሁለት እጁ ለገረሱ ሰጠው።

«እሰረው ባክህ» አለው ገረሱ እየተቀመጠ። «እንዳልቀይርብህ።»