ብራናው ላይ የቀረው ቅጠል

መሥሪያ ቤቱ የቀጠራት እጇ ስለማይንቀጠቀጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቷ አልበቃ ሲላት፣ ቤት ተቀምጣ የትራስ ጨርቅ ስትጠልፍ ያየቻት ጎረቤት፣ "እንዲህ ያለ እጅማ ትራስ ላይ አይባክንም" ብላ ዕፅዋት ጥናት ክፍል ወስዳ አስተዋወቀቻት። ከዚያ ወዲህ የደረቀ ተክል በወፍራም ወረቀት ላይ ታጣብቃለች። ግንዱን በክር ትሰፋለች፣ ቅጠሉን በሙጫ ታስይዛለች፣ የረገፈ ዘር ካለም በትንሽ ፖስታ አድርጋ ከጎኑ ትለጥፋለች። ሰዉ ስሟን ረስቶ "አጣባቂዋ" ይላታል። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ናፍቆት። ቤቱን የያዙት እሷና እናቷ ናቸው። የቤቱ አዛዥ ግን አፍ መፍታት የጀመረችው ጉንጫሟ ልጇ ናት።

ያ መጽሐፍ የመጣ ቀን ክፍሉ በሙሉ ሥራውን ጥሎ ተሰበሰበ። የአንድ ሟች ወራሾች ዕቃ ሲያወጡ ሣጥን ውስጥ ያገኙት ነው። ብራናው በእንጨት ገበታ ተጠርዟል፤ ጽሑፉን ማንበብ የቻለ ሰው ግን አልተገኘም። በየገጹ አንድ አንድ ተክል ተሥሎበታል። ተክል ማለት እንኳ ይከብዳል! የአንዱ ሥር የሰው እግር ይመስላል፤ የሌላው አበባ ዓይኑን አፍጥጦ ያያል።

"ይኼ ሠዓሊ ባዶ ሆዱን ነበር የሣለው" አለ መጽሐፍ ጠራዡ። ቀልደኛና ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሁሉም "ጋሽ ሙጫ" ነው የሚለው።

"ወይ ደግሞ ሚስቱ ከቤት አባርራው" አለች አጣባቂዋ።

"እሱስ ከሆነ አበባ ላይ አያፈጥም ነበር፣ በር ላይ እንጂ!"

ሥዕሎቹ የምን ተክል እንደሆኑ እንዲለዩ የተሰጠው ለጋሼ ነው። ጋሼ የክፍሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ተክል ሲለዩ የኖሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ቢሮ መምጣት ያልተዉ። እጇ የረጋ ስለሆነ አጣባቂዋን ገጽ ገላጭ አደረጓት፤ የመጽሐፉን ሣጥን ቁልፍም ሰጧት። አሠራራቸው ቀላል ነው። ከጓሮው የሚጠረጠረውን ተክል ትቆርጣለች፣ በነጭ ሳህን ላይ አድርጋ ከመጽሐፉ ራቅ ታደርገዋለች፤ እሳቸው አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ ሳህኑን በአጉሊ መነጽር ያያሉ። ማታ ማታ ጋሽ ሙጫ መጽሐፉን በሁለት ጣውላ መሃል አድርጎ ብረት ይጭንበታል፤ ብራናው እንዳይኮማተር ነው። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ እርጥብ ነገር ብራናው ላይ አይደርስም። ጋሼ ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ይደጋግሙት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ነበረች። የተገለጠው ገጽ ላይ ያለውን ቅጠል ጓሮ አጥር ላይ ከሚሳበው ሐረግ ጋር አመሳስላዋለች። ጅማቱ እንዴት እንደሚከፋፈል ቢታይ ነገሩ ያልቃል። በሳህኑ ስታየው አልታያት አለ። "አንድ ጊዜ ብቻ" አለችና ቅጠሉን ሥዕሉ ላይ አስተኛችው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

"ልጅቷ እንደ እሳት እየነደደች ነው!" አለች እናቷ። "ድረሺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?"

መጽሐፉን ከደነችው፣ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ ሮጠች። ቅጠሉ ትዝ ያላት ሐኪም ቤት፣ ልጇን ታቅፋ ተራ ስትጠብቅ ነው። ልትደውል ስልኳን አወጣች፤ በዚያው ቅጽበት ነርሷ ጠራቻት። ከዚያ በኋላማ ትኩሳቱ፣ መድኃኒቱ፣ ለቅሶው። ልጅቷ እስክትድን ሳምንቱ አለቀ። ገጽ ገላጯ እሷ ናትና፣ እስክትመለስ መጽሐፉን የከፈተው የለም።

ስትመለስ ከሁሉም ቀድማ ገባች። ብረቱን አንስታ መጽሐፉን ገለጠችው። ቅጠሉ ደርቆ ተጣብቋል። በጥፍሯ ቀስ ብላ አነሳችው። ከሥሩ፣ ልክ በሥዕሉ ጅማት ላይ፣ ቡናማ የቅጠል ጥላ ቀርቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ቅጠሉን በልጇ መሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ጋሼ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ" አለች ለራሷ።

ጋሼ መጡ። መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ልጇ ነው። ከዚያ አጎንብሰው ገጹን አዩ፣ አጉሊ መነጽራቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ ይኼ ይታይሻል?"

"የቱ ጋሼ?"

"ይኼ ጥላ! የመጽሐፉ ባለቤት ተክሉን ቆርጦ ሥዕሉ ላይ አስቀምጦት ነበር፣ በዚያ ዘመን! የአጥሩ ሐረግ ነው። በገዛ እጁ መሰከረልን እኮ!" ሽማግሌው በደስታ እጇን ያዟት። ነገሩ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተመልሶ ወደ ሆዷ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልዋጥላት አለ። ሙጫው እጇ ላይ ይደርቅባታል፤ የሰፋችው ግንድ ይጣመማል።

"ልጅቷ ዳነች፣ ደግሞ አንቺ ታመምሽ?" አለች እናቷ። ነገረቻት። እናቷ የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አሰበች።

"ሽማግሌው ደስ ብሎታል አላልሽኝም?"

"በጣም።"

"ታዲያ የሰው ደስታ ምን አደረገሽ? ዝም በይ። እንጀራሽን በእጅሽ አትግፊ።"

እናቷ ለእሷ ብላ እንደሆነ ታውቃለች። ዝም ማለቱም ቀላል ይመስል ነበር፤ ጋሽ ሙጫ መጥቶ ጠረጴዛዋን ተደግፎ እስኪቆም ድረስ። ዛሬ አይቀልድም።

"ሰማሽ? ጋሼ ሥራውን ሊተዉት ነው። መጽሐፉን ሊያዩ ለሚመጡት እንግዶች ገለጻውን ሰጥተው ይሰናበታሉ።"

"ለምን? አሁን ተሳካልኝ እያሉ?"

"እሱማ ነው የጎዳቸው። 'ያንን ጥላ ስንት ጊዜ አጎንብሼበት አላየሁትም፤ ዓይኔ ከድቶኛል፤ የማያይ ሰው የሰው ቅርስ አይነካም' ይላሉ። እኔማ ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል ብዬ ተከራከርኩ። አልሰሙኝም።"

አጣባቂዋ ብድግ አለች። መሐረቡን ከቦርሳዋ አወጣችና ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። እግሯ ቢሄድም ልቧ ወደ ኋላ ይጎትታታል። ጋሼ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የመነጽራቸውን መስታወት በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ነበር።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።"

"ምነው፣ ልጅቷ ደግሞ አመማት እንዴ?"

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። መልስ ሳትሰጥ መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ጋሼ ቅጠሉን አነሱ፣ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ጀርባውን አዩ። ከዚያ መጽሐፉን አስከፈቷት፣ ጥላው ላይ ቀጭን መስታወት ጣሉ፣ ቅጠሉን ከመስታወቱ በላይ አስተኙት። ዳር እስከ ዳር ገጠመ። ጫፉ ላይ ትል የበላው ቦታ እንኳ ጥላው ላይ አለ።

"መቼ ነው?"

"ልጄ የታመመች ዕለት።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ?"

"ፈራሁ፣ ጋሼ።"

ከዚያ ያልጠበቀችውን ተናገሩ።

"ዓይኔ አልሳተም ማለት ነዋ?"

"አልሳተም። አልነበረማ የሚያዩት።"

"እኔ እኮ መንገድ ስሻገር ሰውን ያዙኝ ማለት ጀምሬ ነበር" አሉ። ሳቅ ቃጣቸውና ፊታቸው መልሶ ጠቆረ። ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ አስኬዱ። "ጅማቱ የነበረው እዚህ ጋ ነው። ተክሉን የሚለየው እሱ ነበር። አሁን የአጥሩ ሐረግ ነው ብንል ያንቺን ቅጠል ማንበባችን ነው፤ አይደለም ብንልም ማረጋገጫ የለንም። ይኼ ገጽ ሞተ።"

"ይለቅ እንደሆነ ጋሽ ሙጫን..."

"ብራና የጠጣውን አይመልስም።" ቀና ብለው አዩዋት። "መርሳትሽን እረዳዋለሁ፤ እናት ነሽ። ዝምታሽን ግን የት ላድርገው? ዓይኔን ስጠረጥር እያየሽኝ እኮ ነው።"

ለዓይናቸው እንደተጨነቁ ዛሬ ገና ነው የሰማሁት ልትል አሰበች፤ እውነትም ነው። ግን የእውነት ግማሽ ሆነባትና ተወችው።

"ቁልፉን እዚያ አስቀምጪው" አሉ ጋሼ።

አስቀመጠችው።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ከሥራ እንደምትባረር እርግጠኛ ሆና፣ ንጹሕ ጋዋን ለብሳ በር አጠገብ ቆመች። ጋሽ ሙጫ ከጎኗ ነው፤ ወሬው ደርሶታል። ጋሼ ገጾቹን ራሳቸው እየገለጡ ገለጹ። ያወቁትን "ነው"፣ ያላወቁትን "አናውቅም" እያሉ፣ ያ ገጽ ጋ ደረሱ።

"ይኼ የምን ተክል እንደሆነ አናውቅም" አሉ። "ልናውቅ እንችል ነበር። በቅርቡ እርጥብ ቅጠል ተቀመጠበትና መለያውን ሸፈነው።"

ከእንግዶቹ አንዷ ደንግጣ፣ "ማን ነው ያስቀመጠው?" አለች።

አጣባቂዋ በስሟ እንዲጠሯት ተዘጋጅታለች፤ ልትወጣ ግማሽ እርምጃ እንኳ ተራምዳለች።

"እኛ" አሉ ጋሼ።

ጋሽ ሙጫ አንገቱን ደፋ፤ ብረቱን የጫነው እሱ ነውና። እሷ ግን እንባዋ የመጣው አሁን ነው። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ወደ ቤት ይዛው ሄዳ ለእናቷ ትነግረው፣ ውሎ አድሮም ይቀልላት ነበር። ያን "እኛ" የምታወርድበት ቦታ አጣች።

ጋሼ ወደ በሩ ዞር አሉ። ቁጣቸው አልበረደም፤ ድምፃቸው ያስታውቃል።

"አንቺ፣ እዚያ ምን ገተረሽ? እጅሽን ታጥበሽ፣ አድርቀሽ ነይ። የሚቀጥለውን ገጽ የምትገልጪልኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ቆሜ አይሻለሁ።"