እህቴ የማትለቀው ፕለጊን

የዚያን ሰኞ ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። አቧራው በበሩ ሥር ገብቶ የሰው ነጭ ቀሚስ እንዳያበላሽብኝ ደፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጎዝጉዤ፣ መስኮቱን ዘግቼ ነበር የምሰፋው። ታናሽ እህቴ ጨርቅ ከምቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ለሐሙስ ቃለ መጠይቅ ትዘጋጅ ነበር። ቤት ውስጥ እናታችን ወሬ ስለምታበዛባት አይሆንላትም፤ የእኔ የስፌት መኪና ጩኸት ግን አይረብሻትም።

ቤተሰቡ ሙጭጭ ይላታል። በሕፃንነቷ የያዘችውን ማስለቀቅ ጭንቅ ነበር፤ ማንኪያም ይሁን፣ የሰው ጸጉርም ይሁን። አባታችን ሲሞት እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ትምህርቷን ያዘች፣ እሱንም አልለቀቀችም። የሶፍትዌር ፈታሽ ሆነች። ሌሎች የሠሩት ፕሮግራም ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት የት ላይ እንደሚሰበር ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራዋ።

ስለ ፕለጊኑ የምጽፈው እሷ ያስረዳችኝን ያህል ነው። ፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚፈትሹበት ትልቅ መሣሪያ አለ። ብዙ መቶ ፈተናዎችን በተራ እያስኬደ ያለፈውን በአረንጓዴ፣ የወደቀውን በቀይ ያሳያል። አንዳንዱ ፈተና ግን ፕሮግራሙ ሳያጠፋ፣ ኔትዎርክ ለቅጽበት ስለተቋረጠ ብቻ ይወድቃል። እህቴ በዚህ ተማርራ የወደቀውን ፈተና እንደገና የሚያስሞክር ትንሽ ተቀጥላ ጻፈችና ለማንም በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠችው። ፕለጊን የሚሉት እሱን ነው።

«እትዬ፣ መኪናሽ ላይ ዚፕ ለመስፋት የምትገጥሚው እግር አለ አይደል? እንደሱ በይው» አለችኝ። «መኪናውን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ እግሩ የእኔ ነው። እነሱ መኪናውን በለወጡት ቁጥር እግሬ አልገጥም ይላል፤ ቁጭ ብዬ እሞርደዋለሁ።»

እስከዚያ ሰኞ ድረስ ስድስት ዓመት ሞርዳዋለች። አይታቸው የማታውቃቸው ሰዎች ከየአገሩ ይጽፉላታል፤ አንዱ ያመሰግናል፣ አንዱ ይሰድባል፣ አብዛኛው አቤቱታ ጥሎ ይሄዳል። እናታችን «ይሄ የማያድግ ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመት ሞልቶት አሁንም ዳይፐር ቀይሩልኝ ይላል» ትል ነበር።

ቃለ መጠይቁም የመጣው በዚሁ ፕለጊን ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት አሥራ ሁለት ፈታሾችን የሚመራ ሰው ይፈልግ ነበር። ፕለጊኑን ይጠቀሙበታል፤ እንዴት አድርጋ ይህን ያህል ዓመት እንደያዘችው መጥታ እንድታሳያቸው ጠየቋት። ሥራውን ምን ያህል እንደፈለገችው ከአፏ አልወጣም። ግን ለሐሙስ የምትለብሰውን ጃኬት ሁለት ጊዜ አስጠብባኛለች።

ለማሳያ እንዲሆናት አንድ ፈተና ጻፈች፤ መውደቅ ያለበት፣ ሆን ብላ ያበላሸችው። አስኬደችው። አረንጓዴ ሆነ። እንደገና አስኬደችው። አሁንም አረንጓዴ።

«እትዬ፣ እስቲ መኪናውን አቁሚልኝ።»

አቆምኩ። ፕለጊኗን ከፍታ መስመር በመስመር አነበበች። ከዚያ ነገሩን ቀስ ብላ ነገረችኝ። እያንዳንዱ ፈተና ከመጀመሩ በፊት ዝግጅት አለው፤ እኔ ከመስፋቴ በፊት ክሩን እንደማስገባው። ዝግጅቱ ከተበላሸ ፈተናው ጭራሽ አይካሄድም፤ በማሳያው ፈተና ላይ ያበላሸችውም ዝግጅቱን ነበር። ከስምንት ወር በፊት መሣሪያው ሲለወጥ፣ እሷም ፕለጊኗን ስታስተካክል፣ ወድቋል ያልተባለውን ሁሉ እንዳለፈ እንዲቆጥር አድርጋ ጽፋዋለች። ያልተካሄደ ፈተና ደግሞ ወድቋል አይባልም። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ማንም ያልፈተሸው ነገር አረንጓዴ ለብሶ ሲወጣ ኖሯል።

የባሰው የቆዩትን አቤቱታዎች ስታገላብጥ መጣ። ከአራት ወር በፊት አንድ ሰው ይህንኑ ችግር ቁልጭ አድርጎ ጽፎላት ነበር። ከበዓል በፊት ዝርዝሩን ባዶ አደርጋለሁ ብላ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ ሠላሳ አቤቱታ የመለሰች ቀን፣ የእሱንም ሳትሞክረው «ችግሩ ያንተ ዝግጅት ነው» ብላ ዘግታበታለች።

ለመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ደወለችለት። መነጽሩ ነው የምንለው፤ ለድርጅቱም ስለ እሷ መልካም ቃል የተናገረላት እሱ ነበር። በምሳ ሰዓት አቧራውን እያራገፈ ገባ።

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«አንተ፣ እኔና እትዬ።»

«እትዬ ካላወሩ እንግዲህ ማንም አያውቅም።»

«የዘጋሁበት ሰውዬ ያውቃል።»

«አስተካክዪና አዲሱን አውጪው። ‹ጥቃቅን ማስተካከያ› በይና እለፊ። ዝርዝሩን ዓርብ ትጽፊያለሽ። ሐሙስ ይለፍ ነው ያልኩሽ እንጂ እስከ ምጽአት ደብቂው አላልኩም።»

«እስከ ዓርብ አረንጓዴውን አምነው የሚያወጡትስ?»

«አንቺ ሙጭጭ፣ ሳይጠሩት አቤት ይሉት ነገር አይበቃሽም?»

«ጠርቶኛል እኮ። ጠርቶኝ ነው የዘጋሁበት።»

መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ሐሙስን አላነሳም።

ማስተካከሉን ሳትጀምር መጀመሪያ ለተጠቃሚዎቹ ማስታወቂያ ጻፈች። አነበበችልኝና «አንቺ ከገባሽ ማንም ይገባዋል» ብላ ሳቀች። አልከፋኝም፤ እውነቷን ነው። ግን ግማሹ ይቅርታ ነበር። «ይቅርታውን ወደ ታች አውርጂው» አልኳት። «እኔ የሰው ቀሚስ በካውያ ሳቃጥል፣ ባለቤቷ መጀመሪያ መስማት የምትፈልገው ምን ይደረግ የሚለውን ነው።» አወረደችው። የትኞቹ የፕለጊኑ ስሪቶች እንደተበላሹ፣ መጠቀም አቁመው ፈተናዎቻቸውን እንደገና እንዲያስኬዱ ከላይ አስቀመጠች። ለሰውየውም ለብቻው ጻፈችለት፦ «ልክ ነበርክ። ሳልሞክር ነው የዘጋሁብህ።»

ወዲያው ስድቡ ይጎርፍ ጀመር። አንድ መሥሪያ ቤት ጭራሽ ያልተካሄዱ አሥራ ዘጠኝ ፈተናዎች እንዳገኘ ጻፈ። ጮክ ብላ አነበበችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለአዲሱ መሣሪያ የሚሆነውን ማክሰኞ ጨረሰች። የተጠቃሚዎቹ ግማሽ ግን ገና አሮጌው ላይ ነበሩ። ወደ አዲሱ ተዛወሩ ብላ መተው ትችል ነበር፤ መነጽሩም በስልክ እንደዚያ አላት። «ያበላሸሁባቸው እዚያው ባሉበት ነው» ብላ የአሮጌውንም ያዘች። ሞክራ ወደቀ፣ ሞክራ ወደቀ። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ሆን ብላ ያበላሸችው ፈተና በሁለቱም ቀይ ሆነ። በቀይ ደስ ሲለው ያየሁት ሰው እሷን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጃኬቷን ለብሳ ሄደች። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። ምንም ሳይጠይቋት ጥፋቱን አስቀድማ አሳየቻቸው። አንዷ ሴትዮ «ሥራሽን ማን ነበር የሚያይልሽ?» አለቻት።

«ማንም።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት።»

ሴትዮዋ የሆነ ነገር ጻፈች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ አመስግነው ሌላ ሰው መምረጣቸውን ይናገራል። ምክንያቱን አይልም።

እናታችን «ምላስሽን ሦስት ቀን ብትይዢው ምን ነበረበት?» አለቻት።

«እማዬ፣ ዝም ብዬ ብገባ ኖሮ ለአሥራ ሁለት ሰው ‹ሳትሞክሩ አትዝጉ› የምለው በየት አፌ ነው?»

«በዚሁ አፍሽ ነዋ። ሌላው አለቃ ሁሉ በየት የሚናገር መስሎሽ ነው?»

እኔ በልቤ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። እውነት በመናገር ያገኘሁት ሥራ ትዝ አይለኝም። እህቴ ግን በማግስቱ የሚቀጥለውን አቤቱታ ከፍታ ትሠራ ነበር።

ያ አቤቱታውን የዘጋችበት ሰው ለጻፈችለት የመለሰላት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ «ሞከርኩት፣ ይሠራል» ብቻ ብሎ። ከወር በኋላ ግን ያ ስሕተት ተመልሶ ቢመጣ የሚይዘውን ፈተና ራሱ ጽፎ ላከላት። ሌላም ላከ። ዓመት ሲሞላ እሷ የጻፈችው ሌላ ሰው ሳያየው የሚወጣ ስሪት እንዳይኖር የፕለጊኑን ቁልፍ፣ የመለወጥና የማውጣት ፈቃዱን፣ ሰጠችው፤ ለመነጽሩም እንዲሁ።

አሁን እህቴ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚያው የድሮ መሥሪያ ቤቷ፣ እዚያው ወንበሯ ላይ ናት፤ ማንንም አትመራም። ፕለጊኑ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል፤ መሣሪያው ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተለውጦ አራቱንም ጊዜ አስተካክላዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ የቆየውን አቤቱታ አስቀድማ ትከፍታለች፤ በገዛ እጇ ሳታስኬደው የምትዘጋው የለም። እስከዚህ ሳምንት ያልተዘጉ አሥራ አንድ አሏት።