ሁለት ጥቁር ኳስ የሰቀለች መርከብ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጨው ሊጭን ወደ አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ሸራ ሥር ተኝቼ ነው። ስሜ የውትድርናው ዝርዝር ላይ እንደሰፈረ ከሰማን ሦስተኛ ቀናችን ነበር። እናቴ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና «አብሽር ይመር፣ አላህ ይከተልህ» አለች። ታናሽ ወንድሜ ሰኢድ ደግሞ እስከ አስፋልቱ ሸኝቶኝ፣ «አያ፣ አልጋህን ወርሻለሁ» ብሎ በዚያ ጭንቅ ውስጥ አሳቀኝ።

አሰብ ላይ ሦስት ወር ዕቃ ሳወርድ ከረምኩና አንዲት የግሪክ ጭነት መርከብ ድስት አጣቢ ጎድሏት ወሰደችኝ። ምን ልበላችሁ! ዓሣውን በሎሚ አርሰው ይበሉታል፤ ሚጥሚጣ የሚባል ነገር የት አባቱ! ባሕሩስ ቢሆን እንደኛ ሐይቅ ዳር ዳሩን የሚያዩት መሰላችሁ? ስንት ቀን ዳር የለውም።

ግሪክ አገር ፒሬዎስ ስንደርስ የወደቡ ሹም «ወረቀትህ?» አለኝ። የለኝም። «እንግዲያው የመርከበኛ ፈተና ታልፋለህ፤ ካላለፍክ ይችው መርከብ አሰብ መልሳ ታወርድሃለች።» አሰብ መመለስ ማለት ለኔ በቀጥታ ግንባር ነው። በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ የባሕር ጉዞ ሕጉን መጽሐፍ ታግዬው ፈተናው ቤት ገባሁ።

ፈታኙ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ ሽበታም ሰውዬ ነው። «ሞተሯ ጠፍቶ ባሕር መሐል ዝም ያለች መርከብ ምን ትባላለች?»

«የቆመች፣ ጌታዬ።»

«መልህቅ ጥላለች?»

«አልጣለችም።»

«ወደብ ላይ ታስራለች? መሬት ነክታለች?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«እንግዲያው አንደር ዌይ ናት፤ በጉዞ ላይ!»

ሐይቅ ላይ እንዲህ የሚል ሰው ቢገኝ ጠበል ይወስዱት ነበር።

«በመንጠቆ የሚያጠምድስ?»

«አጥማጅ!»

«አይደለም። አጥማጅ የምትባለው ማጥመጃዋ እንደልቧ እንዳትዞር የከለከላት ጀልባ ብቻ ናት።» በመንጠቆ ያሳደገኝ አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ቢሰማ ሰውዬውን ከነወንበሩ ውኃ ውስጥ ይከተው ነበር።

ከዚያ አንድ ሥዕል ገፋ አደረገልኝ። መርከቧ ሁለት ጥቁር ኳስ፣ አንዱን ካንዱ በላይ ሰቅላለች። ይህንንስ አውቀዋለሁ፤ በእንግሊዝኛው «ኖት አንደር ኮማንድ» የሚሏት፣ መሪዋ ወይ ሞተሯ ተበላሽቶ ራሷን መግዛት ያቃታት ናት። «ስታያት ምን ታደርጋለህ?»

እኛ ዘንድ ታንኳው የቆመበትን ሰው አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ፣ ለሰርግም አይጠራ። «ተጠግቼ ምን ገጠማችሁ እላለሁ» አልኩት፣ ኩራት እየተሰማኝ።

ሰውዬው ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «እሷ እኮ መሸሽ አትችልም! ትገጫታለህ፣ ሁለታችሁም ትሰምጣላችሁ። ሕጉ ራቅላት ነው የሚለው!» ጣለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ዕድል ብቻ እንዳለኝ ነግሮ አሰናበተኝ።

ሁለቱን ሳምንት እህል ከአፌ አልገባም። መልሱን በቃሌ ያዝኩት፤ ሆዴ ግን፣ ወላሂ፣ እስከዛሬም አልተቀበለውም። በቀኑ ያንኑ ሥዕል አቀረበልኝ። «እርቃለሁ» አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ።

እናቴን ሐይቅ ቴሌ አስጠራኋት። በሦስተኛው ቀን ድምጿ መጣ።

«እማ፣ አለፍኩ! አይመልሱኝም!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ድምጿ ግን የደስታ አልነበረም።

«ሰኢድን አቅርቢልኛ፣ ልስማው።»

«ሰኢድ የለም። አንተን ሲያጡ ጊዜ እሱን ወሰዱት። ዝርዝሩ ላይ ሰው መጉደል የለበትም ብለው በስምህ አስገቡት።»

«እመጣለሁ እማ፣ እኔን ይውሰዱና እሱን ይልቀቁት።»

«እንዳትሞክራት!» ብላ ጮኸችብኝ። «እሱን ላይለቁልኝ አንተንም ልጨምርላቸው? እዛው ሁን!» ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ቴሌፎን ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች እያዩኝ።

«ለመሆኑ ደብዳቤ ጽፏል?» አልኳት።

«አንድ መጥቷል። 'ልጅሽ ይመር' ብለው ሲያነቡልኝ ካንተ መስሎኝ፣ እኔ ሞኟ፣ እልል አልኩ።»