እንዳድግበት የተገዛልኝ ስኪ

እማዬ እሺ አለች! ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት ደብዳቤ ግርጌ ላይ በእጅ ጽሑፏ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «እሺ። ቅዳሜ እመጣለሁ። ብወድቅ ግን መሳቅ ክልክል ነው።» ቦርሳዬን ሳላወርድ ወጥ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ደብዳቤው በአማርኛ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሙሉ ገጽ ነው። የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ የበረዶ መንሸራተቻውን ስኪ አድርጋ አብራኝ ጫካ እንድትወጣ። እማዬ ኖርዌይ ከገባች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስኪ ግን እግሯ ላይ አድርጋ አታውቅም። የምትሠራው ሲኬየም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለሆነ ቅዳሜ ሁሌም ፈረቃ አላት። ይህችን ቅዳሜ ከባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ነው ያገኘቻት። ስለዚህ መበላሸት የለባትም። እማዬን አውቃታለሁ፤ አንዴ «ይሄ የኔ ነገር አይደለም» ካለች አለቀ፣ ሁለተኛ አትሞክረውም።

የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። የኔ ስኪ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተትብኛል። እማዬ ከሁለት ዓመት በፊት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ስትገዛልኝ እንደ ጃኬቴና እንደ ጫማዬ «ታድጊበታለሽ» ብላ ነው የመረጠችው። አሁን ደግሞ ቦታው የሚስተካከል ቢንዲንግ የሚባል ነገር አለ። ቢንዲንግ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ነው። ይህኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መንሸራተትም ያቆማል አሉኝ። ልግዛው ወይስ ልተወው?

ሐሙስ፣ ግሩነርሎካ

ከትምህርት በኋላ በትራም ካፌ ወደሚበዛበት ወደዚህ ሰፈር፣ ወደ አንድ ትንሽ የስኪ ሱቅ ሄድኩ። ካፌዎቹ ውስጥ የአንድ ካካዎ ዋጋ ሳይ ጥሜ ጠፋ። ሻጩ ጺማም ወጣት ነው። ከጫማው አፍንጫ ፊት ያለችውን ክብ ቁልፍ በጣቱ ሲያዞራት ቢንዲንጉ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተንቀሳቀሰ።

«ወደ ፊት ካመጣሽው ስኪው በረዶውን ይጨብጣል፤ ለዳገት ነው። ወደ ኋላ ከወሰድሽው ይንሸራተታል፤ ለሜዳ» አለኝ።

«እንደ ማርሽ?»

«ልክ እንደ ማርሽ! ስኪሽ ግን ስንት ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተሠራ ነው?»

«የኔ ነው» አልኩት። ሳቀ። ምን እንዳሳቀው ያን ቀን አልገባኝም። ዋጋው ከነማስገጠሚያው ከአንድ ሺህ ክሮነር በላይ ነው። የበጋ ሥራዬ ገንዘብ ይበቃል፤ እጄ ግን ኪሴ ውስጥ ቀረ። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ቫይትቬት

ሰፈራችን የገበያ ማዕከሉ አጠገብ የስፖርት ዕቃ በነጻ የሚያውሱበት ቤት አለ። ዓርብ ዓርብ የሚያገለግሉት አቦይ ተስፋይ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የአስመራ ሰው። በረዶ ላይ ግን ከኖርዌጂያኖቹ እኩል ናቸው።

«ገነት! አንቺ? ስኪ?» አሉ እማዬን ሲያዩ። «አስር ዓመት ሙሉ ስለምንሽ የት ነበርሽ?»

«የልጄን ደብዳቤ ስጠብቅ ነበር» አለቻቸው።

ጫማ ለኩላት። ቁመቷን ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ከዚያ እስክሪብቶአቸውን አንስተው «ክብደት?» አሉ።

ከኋላችን ወረፋ አለ፣ ግማሹ የምናውቀው ሰው ነው። እኛ ቤት ክብደት የሚጠይቅ ሐኪም ብቻ ነው፣ ለእሱም በሹክሹክታ ነው የሚመለሰው። እማዬ በድንገት የራስ ቁር መደርደሪያውን መመርመር ጀመረች። አሳዘነችኝ።

«ስልሳ» አልኩ እኔ።

አቦይ ተስፋይ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ስልሳ?»

«ስልሳ።»

ጻፉ። እማዬ በስውር እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። ስለ ቢንዲንጉ ቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር ከጓዳ ስኪ አመጡና «ይኸው ጓለይ፣ ልጄ፣ ያ የምትመኚው ቢንዲንግ አለው። ከመግዛትሽ በፊት በእናትሽ እግር ፈትኚው» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሶግንስቫን

በእማዬ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት፣ በኔ ዘጠኝ ላይ ቴባነ፣ የከተማውን ባቡር ተሳፈርን። አምስት ቁጥር ከቫይትቬት እስከ ሶግንስቫን ሐይቅ ሳያስቀይር ይወስዳል። ባቡሩ ውስጥ ሁሉም ብርቱካንና ቸኮሌት ይዟል። እማዬ የያዘችው ቅቅል ድንችና በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ነው። በሜዳ ትጀምር ብዬ ነበር። ግን የእማዬ ስኪ አልሄድም አለ። ከሥሩ የተለጠፈው ፀጉራም ጨርቅ በእያንዳንዱ እርምጃ በረዶውን ይዞ አይለቅም። ከባርነሃገ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ያልወጡ ልጆች እየተሳሳቁ አለፉን።

«ሩትዬ፣ መንሸራተት ማለት ይሄ ነው?» አለች። «ጣውላ አስሮ መሄድ ነው እንጂ!»

ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ቆመችና ሰዓቷን አየች። የምትለው ዓረፍተ ነገር ገና ሳይወጣ ሰማሁት። ቶሎ ብዬ እግሯ ሥር ተንበረከክሁና ቁልፏን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ አዞርኳት።

«እስቲ አሁን ግፊ።»

ገፋች። ስኪው ሸተት አለ! «ኧረ በማርያም!» ብላ ጮኸች፤ ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ሆነ። በልቤ አንዱን ሺህ ክሮነር ለሻጩ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ዳገቱ

ወደ ጫካው ሂተ፣ ሻይና ቫፍል ወደሚሸጥበት ጎጆ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። ያው ሜዳ ላይ የረዳን ዳገቱ ላይ ከዳን፤ እማዬ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ተንበረከክሁ፣ ወደ ፊት አዞርኩ። ወጣች። መንገዱ ሜዳ ሲሆን ስኪው እንደገና ተጣበቀ። ተንበረከክሁ፣ ወደ ኋላ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ።

«ምነው ልጄ፣ ስግደት ነው?» አለችኝ። ግን አልሳቀችም።

በመጨረሻው ትልቅ ዳገት ላይ እኔም በራሴ ስኪ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩና ከእሷ ጋር ተጋጨን። ሁለታችንም በረዶው ላይ ተቀመጥን። ጓንቷን አራገፈች።

«ሩት፣ እንመለስ። ይሄ…»

ዓይኔን ከእሷ ለማሸሽ ወደ ስኪዎቹ አጎነበስኩ። ቢንዲንጉ አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ አለ። በእሷ ላይ፣ ከሃምሳ እስከ ስልሳ አምስት ኪሎ። በኔ ላይ፣ ከሰባ እስከ ሰማንያ። የሻጩ ሳቅ ያኔ ገባኝ። ስኪ መሐሉ እንደ ቅስት ነው፤ ሰውየው ከከበደው ከሥሩ ያለው ፀጉራም ጨርቅ ሁልጊዜ በረዶ ይነካል፣ ከቀለለው ጨርሶ አይነካም።

«እማዬ» አልኩ፣ «ለአቦይ ተስፋይ የነገርኳቸው ልክ አልነበረም። እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጫካው እስኪያስተጋባ፣ «ሰባ አራት ነኝ!» አለች። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ ባይገባውም እንደ ኖርዌጂያኖቹ «ሄያ፣ ሄያ!» ብሎ አበረታታን።

«እኔ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ነኝ» አልኳት። «ይሄን የኔን ስኪ ስትገዢ…»

«እንድታድጊበት ብዬ ነዋ» አለች ቀስ ብላ። ስኪውን አየችው። እኔን አየችኝ። መሳቅ የከለከለችው እሷ ራሷ፣ እዚያው በረዶው ላይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ቁመታችን አንድ ነው፤ ስኪ ተለዋወጥን። ጫማዎቻችን ቀጭ ብለው ገቡ። ዳገቱን ሳንንሸራተት ወጣነው፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሂተው ደጃፍ ላይ ቫፍል ገዝተን ከድንችና ሚጥሚጣ ጋር በላን። አጠገባችን የተቀመጡ አሮጊት ሚጥሚጣውን ቀምሰው ብርቱካናቸውን በሙሉ ሰጡን። ቁልቁለቱን እማዬ አብዛኛውን በመቀመጫዋ ወረደችው።

ቤት

የቢንዲንጉ ነገር እንዲህ ሆነ፤ አልገዛውም። መጥፎ ሆኖ አይደለም። ልኬ የሆነውን ስኪ ካደረግሁ በኋላ ቁልፏን የነካኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከሰዓት በረዶው ሲረጥብ፤ ያኔ በደንብ ረድታኛለች። ልክሽ የሆነ ስኪ ላይ ትንሽ ማስተካከያ ናት። ልክሽ ያልሆነውን ግን ልክሽ አታደርገውም። እኔም እማዬን አስራ አራት ኪሎ ሳቀልላት የረዳኋት መስሎኝ ነበር።

እማዬ ቤት ስንገባ የኔን ስኪ ጠረገችና ከራሷ ካፖርት ሥር አቆመችው። «ይሄ እዚህ ይቆማል» አለች። «ላንቺ ሰኞ ዕቃ የሚያውሱበት ቤት ልክሽ የሆነ እንጠይቃለን።» ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳድግበት ስትጠብቅ፣ ለካ የገዛችው ለራሷ ነበር።

የሚመጣውንም እሑድ ተቀያይራለች። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የሰፈራችን ሰዎች ሁሉ፣ በተለይ እናቶችና ስኪ ነክታችሁ የማታውቁ፣ በናንተ ሰዓት አራት፣ በኛ አስር ላይ ቫይትቬት ቴባነ በር ላይ እንጠብቃችኋለን። ስኪ ከሌላችሁ ዓርብ አቦይ ተስፋይ ጋ ኑ። ክብደት ሲጠይቋችሁ እማዬ አጠገባችሁ ትቆምና መጀመሪያ የራሷን ጮክ ብላ ትናገራለች። ከዚያ እናንተ።