ሀዊ እንዳታድግ

ዘርፉ እባላለሁ። ወንጂ ተወልጄ፣ አዳማ አርጅቼ፣ ስድሳ ሁለት ዓመቴን ይዣለሁ። አባቴ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። እኔ ደግሞ በልጅነቴ በቀበሌ ኪነት ከኋላ ረድፍ ስጨፍር የኖርኩ፣ በኋላ ልብስ ሰፊ የሆንኩ፣ ከዚያ «ሚጥሚጣ» የሚባል የሕፃናት ሙዚቃዊ ድራማ ቡድን ያቋቋምኩ ሴት ነኝ። ዛሬም የቡድኑ ነገር ሲነሳ የሚያመሰግነኝ ሰው አይጠፋም። ምስጋናው ያንገበግበኛል። ሀዊ የምትባል ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖሬያለሁና።

ሚጥሚጣ ውስጥ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ አልነበረም። ድራማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘፈን ነው። ነገሩ ደግሞ ሁሉም የትልቅ ሰው ነገር ነው፤ ሽማግሌ መላክ፣ ጥሎሽ፣ የአማትና የምራት ጠብ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጥጥ ጢም ለጥፎ፣ በዚያ ቀጭን ድምፁ «ልጄን አልድርም» እያለ ሲዘፍን፣ ቆቃ ላይ ዓሣ አጥማጁ፣ ሁሩታ ላይ ገበሬው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሳቁ ያለው ትንሽነታቸው ላይ ነው። ልጁ ቁመት ከጨመረ በቃ፣ ተራ ድራማ ነው፣ ማንም አይስቅም። ስለዚህ የልምምድ ቤታችን በር መቃን ላይ በምስማር ጫር አድርጌ ምልክት አበጀሁ። ወር በገባ ቁጥር እለካቸዋለሁ። ጭንቅላቱ ምልክቱን ያለፈ ልጅ ልብሱን አጥቦ ያስረክባል፣ እኔም ግንባሩን ስሜ አሰናብተዋለሁ። ስንቱ አልቅሶ ወጣ መሰላችሁ። እኔ ግን ግትር ነኝ፣ አልደብቅም፤ ለማንም አልመለስም ነበር።

ሀዊ በስምንት ዓመቷ መጣች። እናቷ ኦብሴ ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ላይ የምትሠራ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት። ልጅቷ አማትየዋን ስትጫወት ጉድ ታሰኝ ነበር። ወገቧን ይዛ፣ ዓይኗን አጉረጥርጣ ምራቷን በዘፈን ስታብጠለጥል፣ የራሴ አማት ተነስታ የመጣች እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ምልክቱ ላይ ለመድረስ ሁለት ጣት ብቻ ቀራት። ያለ እሷ ቡድኑ እንደማይቆም አውቃለሁ። ለክቻት ስጨርስ ጭንቅላቷን መታ መታ አደረግሁና «ሀዊዬ፣ አደራሽን፣ እንዳታድጊብኝ» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «እሺ፣ እትዬ ዘርፉ» አለች።

እሺ ያለችውን ፈጸመች። ምሳዋን ለትንንሾቹ ማከፋፈል ጀመረች። ቆቃ ላይ ዓሣ ሲቀርብልን አጥንቱን ስትለቅምላቸው ትቆይና እጇን ትታጠባለች። አላየሁም ብዬ አልዋሽም፤ አየሁ። በየወሩ ስለካት ከዚያች ከሁለት ጣቷ ንቅንቅ አላለችም፣ እኔ ደግሞ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አልፌ ተርፌም በልጆቹ ሁሉ ፊት «እንደ ሀዊ ሁኑ፣ እሷ እኮ ዝም ብላ አትመዘዝም» ብዬ አመሰገንኳት። በገዛ አፌ። ይህን ሳስታውስ ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል።

አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ሻሸመኔ ላይ ትልቅ አዳራሽ ሞልቶልን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ሀዊ የአማትየዋን የመጨረሻ ዘፈን ግማሽ ላይ ስታደርስ እንደቆመች ተዘረረች። ሕዝቡ የድራማው ክፍል መስሎት አውካካ፣ አጨበጨበ። እኔስ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ምን ብል ጥሩ ነው? «ተነሺ፣ ተነሺ እንጂ» እያልኩ እቆጣ ነበር። መታመሟ የገባኝ የሙሽሪትን አባት የሚጫወተው ልጅ ጢሙን ነቅሎ ሲያለቅስ ነው።

ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ «እህል የቀመስሽው መቼ ነው?» አላት። ሀዊ መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ «ምግብ አላሰኘኝም ነበር» አለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሸፈነችኝ። በማግስቱ ኦብሴ ደርሳ «ማል ጎቴ፣ ዘርፉ? ልጄን ምን አደረግሽብኝ?» ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «መንገዱ ነው ያደከማት፣ ምግብ ላይም አመለኛ ሆናለች» አልኳት። የመውደቋንም የአመሏንም ወሬ ሌሎቹ ወላጆች ሰሙ። ፈርተው ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አስወጡና ሚጥሚጣ በሦስት ወር ውስጥ ፈረሰ። ሰዉም ጥፋቱን የጣለው በእሷ ላይ ነው፤ «ያቺ አመለኛ ልጅ ባትኖር» ይሉ ነበር። እኔ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ባለፈው መስከረም የእህቴ ልጅ አዶኒያስ ሊጠይቀኝ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ቲያትር ያጠናል። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ሕፃናት ሰብስበው የትልቅ ሰው ኦፔራ የሚያዘፍኑ፣ በባቡር ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ቡድኖች እንደነበሩ አነበብኩ አለኝ። «አክስቴ፣ እንዳንቺው እኮ ናቸው» ብሎ ሳቀ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥዬ «ልጆቹ ሲያድጉባቸውስ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኩት።

«ዕድሜያቸውን ቀንሰው ይናገሩ ነበራ። ከዚያ በኋላ ይሰናበታሉ። ልጆቹ ራሳቸው ምን እንዳሉ ግን ባነበብኩት ላይ አላገኘሁም» አለኝ።

እንባዬ መጣ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሀዊን ነገር ለሰው ተናገርኩ። አዶኒያስ አልፈረደብኝም። «እዚሁ አዳማ አይደለች? ሄደሽ ንገሪያት» አለኝ ብቻ።

ሀዊ ፍራንኮ የሚባለው ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። እንዲሁ መግባቱ አስፈራኝና መታወቂያዬን ኮፒ የማስደርግ መስዬ ገባሁ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ማሽኑ ላይ ለመድረስ ሣጥን ላይ ቆማለች። ማጠሯ ከእኔ ይሁን ከእግዜር አላውቅም፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። እናቷ ግን ረጅም ናት።

ስታየኝ ፊቷ በራ። ከሣጥኑ ወርዳ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። «ሀዊ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኩ። ቀደመችኝ።

«መናገር ያለብኝስ እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስንት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ቡድኑን ያፈረስኩብዎ እኔ ነኝ። ያን ቀን ትንሽ ጠንከር ብዬ ዘፈኑን ብጨርሰው ኖሮ፣ ያ ሁሉ ልጅ አይበተንም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእኔን ጥፋት ስትሸከም ኖራለች። «ያስራብኩሽ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከኋላዬ ሁለት ተማሪዎች ወረቀት ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሀዊ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ፈራሁ። ይህቺ ልጅ ከልቧ የምታከብረኝ፣ የቀረችኝ አንዲት ሰው መሰለችኝና እሷን ማጣት ፈራሁ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አልኳት።

ትከሻዋ ሲላላ አየሁ። እንባዋን ጠርጋ ሳቀች፤ «ተመስገን፣ ዛሬ ገና ተነፈስኩ» አለች። ደንበኞቿን አስጠብቃ እስከ መንገድ ሸኘችኝ፣ ባጃጅም ጠራችልኝ። እኔም፣ ምንም ሳላፍር፣ እጄን ዘርግቼ መረቅኳት።