ነጎድጓድ የሸበተ ዕለት

አሁንም የትም ቦታ ሆኜ ጄኔሬተር ሲነሳ ስሰማ፣ ያ መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም በሬ አስሎ አስሎ በኋላ የሚደላደለው ድምፁ ጆሮዬ ሲገባ፣ ቀጥሎ አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ በማላውቀው ቋንቋ መዝፈን የምትጀምር ይመስለኛል። ሰቆጣ በልጅነቴ እንዲያ ነበረች፤ ጄኔሬተሩ ከጮኸ ሕንዶቹ መጡ፣ ፊልም ሊጀመር ነው ማለት ነው። ከገበያው ታች፣ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈኑ አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ቪዲዮ ቤት እንለው ነበር። ባለቤቱ መሐሪ የሚባል፣ ደሴ ኖሮ የመጣ፣ ቴሌቪዥኑን እንደ አራስ ልጅ በነጠላ ሸፍኖ የሚያኖር ጎረምሳ ነበር።

ሴት ልጅ እዚያ ቤት አትገባም ነበር። የከለከለ ሕግ ኖሮ አይደለም፤ የገባች እንደሆነ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ስለሚደርስ ነው። እኔ ግን እገባ ነበር፤ የምገባውም አባቴን እየመራሁ ነው።

የአባየን ዓይን የወሰደው ማዝ ነው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየበቀለ ብሌናቸውን ሲወጋው፣ እማየ ደጃፍ ላይ ፀሐይ አስቀምጣቸው በወረንጦ እየለቀመች ትነቅልላቸው ነበር፤ እየነቀለችም ትራገም ነበር፣ ፀጉሩን እንጂ እሳቸውን አይደለም። ሐኪም ዘንድ የደረሱት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነውና፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ የቀራቸው ቀንና ሌሊትን መለየት ብቻ ነበር።

ወጣት ሳሉ አሥመራ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበሩ። እሑድ እሑድ ሲኒማ ይገቡ ስለነበር አንድ የሕንድ አክተር ልባቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኛ ዘንድ አክተር የሚባለው የሚተውነው ሁሉ አይደለም፤ አክተር አንድ ነው፣ ዋናው፣ የሚደበደበውና የማይሞተው። ስሙን አባየም አያውቁትም ነበር፤ ድምፁ ከደረቱ ሥር ስለሚወጣ ነጎድጓድ ይሉታል። የመሐሪ ቤት ጎረምሶች ደግሞ የራሳቸው አክተር ነበራቸው፤ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ የሚወድቅ፣ ሲስቅ የሚያምር፣ በየፊልሙ መጨረሻ የሚያገባ ልጅ። እሱን ሙሽራው ይሉት ነበር።

በበጋ፣ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ከሰዓት ከሰዓት አባየን እጃቸውን ይዤ ቁልቁለቱን እንወርዳለን። እማየ በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ፣ «ለማያይ ሰው ሲኒማ! አገር ይስቅብን እንግዲህ!» ትልና ቀሪውን በኽምጣኛ፣ በአገራችን አገውኛ፣ ታጉረመርመዋለች። የተቆጣች ትመስላለች፤ ግን አባየ ከመደቡ ተነሥተው ከሰው መሐል የሚገቡት ለዚህ ብቻ መሆኑን ታውቃለችና አንድም ቀን አልከለከለችንም።

ገና ደጃፍ ስንደርስ ክርክሩ ይጀመራል።

«ጋሼ ወልዴ መጡ! የእርስዎ ነጎድጓድ እኮ ጡረታ ወጣ አሉ!»

«ዝም በል አንተ! ዛፍ ሥር ሆኖ የሚነፋረቅ ልጅ ይዘህ አክተር አለኝ ትላለህ? ነጎድጓድ በር አያንኳኳም፣ በሩን ይዞት ነው የሚገባ!»

«ሙሽራው ግን ያገባል። የእርስዎ ሰውዬ አግብቶ ያውቃል?»

«እናቱን ሊያድን እየሮጠ፣ መቼ ጊዜ አግኝቶ ያግባ?»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ አባየም ይስቃሉ። እኔ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው እቀመጥና ሥራዬን እጀምራለሁ። ምን ለብሷል? ማን ገባ? ለምን ዝም አሉ? እያሉ በሹክሹክታ ይጠይቁኛል፣ እኔም ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ያልገባኝንም አያይዤ እቀጥልላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ሙሽራው ሲዘፍን ጆሯቸውን ቀና አድርገው፣ «ይሄማ ሌላ ሰው ነው፤ ሲያወራ የነበረው አይደለም» አሉ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እያየን እንዴት ብለን ሁላችንም ጮኽንባቸው፤ መሐሪም፣ «ጋሼ፣ ፍቅር ሲይዘው ድምፁ ይቀጥናል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እውነቱን፣ ዘፈኑን ሌላ ሰው እንደሚዘፍንላቸው፣ ያወቅሁት አድጌ ነው። ከፊልሙ ስንወጣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ራሴ ከብዶኝ፣ ዳገቱን ከአባየ ይልቅ እኔ እያለከለክሁ እወጣው ነበር። ለሌላ ሰው ዓይን መሆን ያደክማል፤ በልጅነት ደግሞ ደከመኝ ማለት አይታወቅም።

በጋው ሲጋመስ የእርሻው ነገር መጣ። አባየ እርፍ ከእጃቸው አልለቀቁም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ካሳ ጢሙን ጀምሯል፣ ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ እሳቸው ግን በሬዎቹን አስጠምደው፣ እኔን ከፊት አስቀድመው፣ እርፉን ራሳቸው ጨብጠው ያርሱ ነበር። እኔ በሬዎቹን እጎትታለሁ፣ እሳቸው ከኋላ በጆሯቸው ይከተላሉ። ትልሙ እንደ እባብ ይሄዳል፤ የታረሰው ተመልሶ ይታረሳል፣ ያልታረሰው ይዘለላል። ከወዲያ ማዶ የሚያርሱ ሰዎች በሬዎቻቸውን አቁመው ሲያዩን፣ ካሳ ፊቱን አዙሮ ድንጋይ ይለቅም ነበር። ያለፈው ዓመት እህል ከበዓለ ጥምቀት ብዙም አላለፈልንም፤ ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ምን እንደምንበላ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

ግንቦት ላይ ማረሻው የቀዩን በሬ እግር ሸረከተው። ካሳ ደሙን አፈር ነስንሶ እያቆመ፣ ቀና ሳይል ተናገረ።

«አባየ፣ እርፉን ይስጡኝ።»

«እኔ ሳልሞት?»

«እንግዲያው እኔ ሑመራ እሄዳለሁ። የሰው ሰሊጥ አጭዳለሁ። እዚህ ቆሜ መሳቂያ ስንሆን አላይም።»

«ሂድ! ማን ያዘህ?»

እማየ ሁለቱን አፈራርቃ አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እሷ እንዲያ ቁጭ ስትል አይቼ አላውቅም ነበርና የፈራሁት ከደሙ ይልቅ እሱን ነው። ያለው አንድ ወንድ ልጅ ከሄደ እርሻውን የሚይዝ አይኖርም፤ አባየም ይሄን ያውቃሉ፤ ቢያውቁም እርፉን መልቀቅ ሞትን መጥራት መስሏቸው ነበር። ለበሬው ቁስል ማገገሚያ ጥቂት ቀን ሰጡት፤ ካሳም በዚሁ ጊዜ ስንቁን ማሰናዳት ጀመረ።

እንዲህ ቤቱ ታፍኖ ሳለ አንድ ከሰዓት ጄኔሬተሩ ጮኸ። አባየ ከመደቡ ተነሥተው፣ «ነይ ምሪኝ» አሉ። የሄዱት ለፊልሙ አልመሰለኝም፤ የካሳን ስልቻ ድምፅ ላለመስማት ነው።

ፊልሙ የሙሽራው ነበር። እንደ ልማዱ ሮጠ፣ አለቀሰ፣ ዘፈነ፤ አባየ ምንም አልጠየቁኝም። መሐል ላይ ግን አንድ ትልቅ በር ተከፈተና አንድ ሰው ከውስጥ ተናገረ። አባየ ከአግዳሚው ብድግ አሉ።

«እሱ ነው! ነጎድጓድ ነው! መጣ፣ አክተሩ መጣ!»

ከኋላ ያሉት ተንጫጩ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ከልለውናል!» አለ አንዱ። ሌላው እየሳቀ፣ «እሱ አክተር አይደለም ጋሼ፣ የአክተሩ አባት ነው!» አለ።

አባየ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ክንዴን ይዘው ነበር፤ ጠበቅ አደረጉት።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባየ። ሙሽራው አባቴ እያለ እግሩን ነካው።»

«ሸብቷል?»

«ጺሙ ነጭ ነው።»

«ምን እያደረገ ነው?»

«ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጁን እየተቆጣው ነው።»

«አይመታም?»

«አይመታም። ሌሎቹ ሲደባደቡ እሱ ያያል።»

ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ክንዴን አልለቀቁም። መጨረሻ ላይ ነጎድጓድ ከወንበሩ ተነሥቶ የልጁን ራስ ሲዳብስ ነገርኳቸው፣ የሰሙኝ ግን አልመሰለኝም፤ ሙሽራው ሲያገባ ደግሞ አልነገርኳቸውም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ሁልጊዜ ትንፋሽ የምንወስድባት ድንጋይ ዘንድ ስንደርስ፣ ቆሙ።

«እኔስ?» አሉኝ።

«ምን?»

«እኔስ ሸብቻለሁ?»

የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር። ሁላችንም የሚያውቁ መስሎን ነበር።

«ሸብተዋል አባየ።»

«ጺሜ?»

«ጺምዎም፣ ራስዎም፣ ቅንድብዎም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። እኔ ሳውቅዎት እንዲሁ ነዎት።»

ጺማቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ነጭነቱ በእጅ የሚታወቅ ይመስል ቀስ እያሉ ዳሰሱት። «እናትሽ አልነገረችኝም እኮ» አሉ፣ ቅሬታም አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ብቻ ነበር። እጄን ይዘው ቀሪውን ዳገት ወጣነው።

ካሳ ደጃፍ ላይ ጫማውን እየጠገነ ነበር። አባየ ሳይቀመጡ ጠየቁት።

«በሬዎቹ ውኃ ጠጡ?»

«ጠጥተዋል።»

«የቀዩ እግር?»

«ደርቋል።»

«ነገ አንተ ጥመድ። ቀዩ ወደ ግራ ይጎትታል፤ አትምታው፣ ስሙን ብቻ ጥራው።»

ካሳ ጫማውን እንደያዘ ቀረ። እማየ ወደ ጓዳ ገብታ፣ የሚነፋ ዱቄት ሳይኖር ወንፊት ስትመታ ሰማናት።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ አልከዳንም። አባየ ማሳው ዳር ተቀምጠው የማረሻውን ድምፅ እየሰሙ፣ «ጠለቀ»፣ «ሳተ»፣ «አሁን ልክ ነው» ይሉ ነበር፤ ካሳም አንዳንዱን ይሰማል፣ አንዳንዱን ያልሰማ መስሎ ያልፋል። ነሐሴ ላይ ለሻደይ በዓል ቅጠሉን ወገባችን ላይ አስረን ስንጨፍር ማሳው አረንጓዴ ነበር። ቪዲዮ ቤት ግን አባየ ተመልሰው አልሄዱም። ስለ ነጎድጓድም ከዚያ ወዲህ አላነሡም። መስከረም ላይ ጄኔሬተሩ ሲጮህ እኔ ብቻዬን ወርጄ በሩ ላይ ቆምሁ፤ መሐሪ አየኝና፣ ክፉ ሰው ስላልነበረ ለስለስ አድርጎ፣ «አባትሽ ሳይኖሩ ወዴት ትገቢያለሽ የኔ እናት?» አለኝ። በከረጢቱ ቀዳዳ ትንሽ አዳመጥሁና ተመለስሁ። አባየ እርፉን የለቀቁ ጊዜ፣ እኔም አግዳሚውን እንደለቀቅሁ ያኔ ገባኝ።

አባየ ካረፉ ቆይተዋል። ካሳ ብዙ ክረምት አረሰ፤ በኋላ ዝናቡ ሲከዳ ወደ ዓረብ አገር ተሻግሮ፣ ራሱም ሸብቶ ተመለሰ። እኔ ቤት ዛሬ ሕንዶቹ ተተርጉመው በአማርኛ ነው የሚናገሩት፤ የሚያስረዳ ሰው አያስፈልጋቸውም። ልጄ የሚወደው አክተር ሸሚዝ የማይበረክትለት ባለ ጡንቻ ነው፣ ስንቱን ሲጥል ላብ እንኳ አይወጣውም። ባለፈው አንድ ነጭ ጺም ያለው ሰው ብቅ ሲል አወቅሁትና፣ «ይሄ እኮ አክተሩ ነው፣ ሙሽራው ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ሴት ልጄ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «እማዬ ደግሞ! የልጅቷ አባት ነው እኮ» አለችኝ።

አባየ መሸበታቸውን ለማወቅ ሰው መጠየቅ ነበረባቸው፤ የሰሙ ዕለትም የያዙትን ለቀቁ። እኔ ሽበቴን በየማለዳው በመስታወት አየዋለሁ፣ ልጄም በስልኳ እያነሣች አጥርታ ታሳየኛለች። ሆኖም ሱቃችንን የምከፍተው፣ ማሳውን የማሳርሰው፣ የሁሉን ቁልፍ ወገቤ ላይ አስሬ የምዞረው ዛሬም እኔ ነኝ። ደክሞኛል። ልጆቼ አጠገቤ ናቸው፣ ጉልበታቸውም ሙሉ ነው፤ እኔ ግን ነገም ተነሥቼ ሱቁን እከፍታለሁ።