የሐጎስ እግር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን እዘላት ነበር፤ ትንሽ ስለመሰለችኝ ሳይሆን ስላሳፈረችኝ ነው። እኔ የሰው እግር አስሬአለሁ፤ ያውም ያለ ገመድ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ከሸዋ መቀሌ ገብቼ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ከእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በታች ወይዘሮ ለተብርሃን የሚባሉ ሴት ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱት ድምፅ ማጉያ እሳቸው ጋ ነበር። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ክራር የሚመታው ሐጎስ ነው። ሐጎስ ሲጫወት ቀኝ እግሩ የእንጨቱን መድረክ ይደልቃል። ከጣቱ ይልቅ እግሩን ለማየት የሚመጣ ሰው ነበር፤ አንዱ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ማጉያውን እንዳጸዳ ተጠራሁ። ውስጡ ድምፁን የሚያጎሉ፣ አምፖል የሚመስሉ ብርጭቆዎች አሉ፤ ቫልቮላ እንላቸዋለን። አንዷ ከእኔ ሬዲዮ ቫልቮላ ጋር አንድ ዓይነት ነበረች፤ የእኔዋ ግን አርጅታለች። ማንም አላየኝም፤ ለዋወጥኳቸው። ቸግሮኝ ነው? አልቸገረኝም። ጎረቤት ደጄ ተሰብስቦ ዜና ሲሰማ "ሬዲዮ ማለት የእሱ ነው" እንዲባልልኝ ብቻ!

ያረጀች ቫልቮላ ሲነኳት ትጮኻለች። እኛም ስንፈልጋት በእርሳስ ጫፍ አንድ በአንድ እንቆረቁራቸዋለን፤ የጮኸችው እሷ ናት። ማጉያው የተቀመጠው እዚያው መድረኩ ላይ ስለነበር ሐጎስ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ይንጫረር ጀመር። ጠጪው ጆሮውን ያዘ። ወይዘሮ ለተብርሃን አስጠሩኝ። ቫልቮላዋን መመለስ ነበረብኝ፤ እሱ ቢቀር እንኳ ማጉያውን ከመድረኩ አውርጄ ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። እኔ ግን "ዕቃው ደህና ነው፤ የሚረብሸው የልጁ እግር ነው" አልኳቸው። ባለሙያ ነኝና አመኑኝ።

በማግሥቱ ሐጎስ ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ።

"ሓወይ፣ ሓቁን ንገረኝ። እግሬ ነው?" አለኝ።

እንዲህ ያለ ዕድል ለስንት በዳይ ይሰጣል? ዓይኔን እያየ፣ ወንድሜ እያለ ጠየቀኝ። እኔም "እግርህ ነው" አልኩት። "የቐንየለይ" ብሎ አመስግኖኝ ወጣ። አመስግኖኝ!

እግሩን በነጠላ ከበርጩማው ጋር አስሮ ይጫወት ጀመር። ጩኸቱ ጠፋ፤ ጨዋታውም አብሮ ጠፋ። ለካ ጣቶቹ እግሩን እየተከተሉ ኖሯል የሚሄዱት። ጠጪው ቀዘቀዘበት፤ ወይዘሮዋም አሰናበቱት። እኔስ ምን አደረግሁ? እሱ ከሄደ በኋላ ሕሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ቫልቮላዋን በድብቅ መለስኳት። ሌላ ተጫዋች መጥቶ መድረኩን ቢረግጠውም ማጉያው ዝም አለ። ይኸው፣ ጥፋቱ የሐጎስ ነበር ተባለ። መመለሴ ውሸቴን አጸናልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ከዓመታት በኋላ መቀሌ አጠገብ ዓይናለም የምትባል መንደር ሰርግ ተጠርቼ ስሄድ አገኘሁት። ዳሱ ውስጥ፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ክራር ይመታል። ማጉያ የለ፣ ማይክሮፎን የለ፣ መድረክ የለ። ቀኝ እግሩን ግን አጥፎ ተቀምጦበታል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"አየኸው ሓወይ? ገራሁት እኮ!" አለኝ እግሩን እያሳየ።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። የከለከለኝ ማንም የለም። "ጎበዝ" አልኩትና ወደ ምግቡ አለፍኩ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። ሦስት ጊዜ ዋሸሁት፤ አንዴ በአፌ፣ አንዴ በዝምታዬ፣ አንዴ በሙገሳዬ። ይቅር በሉኝ ብዬም አልለምናችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የሐጎስ ነበር። እሱ ደግሞ ጥፋቱ የገዛ እግሩ እንደሆነ አምኖ ሞተ።